በርበሬን በሞቃት አየር ፍሰት ማድረቅ

በሞቃት አየር ፍሰት ማድረቅ (ኮንቬክሽን ማድረቅ) ማለት የሞቀ አየር በእርጥብ ሰብል መካከል እንዲያልፍ በማድረግ ውሃውን የማውጣት ዘዴ ነው። አየሩ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሙቀት ያመጣል፣ የወጣውን ተን ደግሞ ይዞ ይሄዳል። ዘዴው ለቡና፣ ለፍራፍሬ፣ ለእንጨትና ለመድኃኒት ቅጠሎች ያገለግላል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በጉራጌ አካባቢ በሚመረተው በርበሬ ላይ ሲሆን፣ በመጨረሻ ኮሰረትን ለመሳሰሉ የቅመም ቅጠሎች የሚያስፈልገውን ልዩነት ያነሳል። አብዛኛው ማድረቂያ የሚበላሸው ሙቀት አንሶት ሳይሆን አየሩ ስለማይንቀሳቀስ ነው።

አካባቢውና ሰብሉ

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ወልቂጤ ደግሞ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመሠረተ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነዋል። በርበሬ በወልቂጤ ዙሪያም፣ በተለይ በአበሽጌ፣ ይመረታል። ስሙ በአገር ደረጃ የገነነው ግን በምሥራቁ በኩል ያለው የማረቆና የመስቃን በርበሬ ነው። ከቡታጅራ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወረድ የሚገኙት ኢንሴኖና ቆሼ የዚህ ሰብል አገር ናቸው።

«ማረቆ ፋና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አካባቢ ነው። በምርምር ተለይቶ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ዛላው ትልቅ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ማቃጠሉም ጠንካራ ስለሆነ ለቤት በርበሬ ብቻ ሳይሆን ከበርበሬ ቀለምና ቅባት ለሚያወጣው ፋብሪካም ጥሬ ዕቃ ሆኖ አገልግሏል። ገዢ ዛላውን አንሥቶ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀለሙ የሚጠበቀውም የሚጠፋውም በአብዛኛው በማድረቅ ጊዜ ነው።

ችግኙ ክረምቱ ሲገባ ይተከላል፤ የቀላው ዛላ ከጥቅምት ጀምሮ በየተራ ይለቀማል። በዚህ ወቅት ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ጤዛ አለ፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ያልተጠበቀ ዝናብ ይመጣል። ሰብሉ በሙሉ መሬት ላይ ተሰጥቶ ባለበት ሰዓት የሚወርድ የአንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የአንድን ቤተሰብ የዓመት ገቢ ሊያበላሽ ይችላል።

የተለመደው አደራረቅና ችግሩ

በተለምዶ በርበሬው በመሬት፣ በሸራ፣ በሰሌን ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይሰጣል። ወጪ የለውም፤ ቀኑ ከቀና ጥሩ በርበሬ ይወጣዋል። ነገር ግን ሙሉ ዛላ ለመድረቅ ከአንድ ሳምንት በላይ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ አቧራ፣ የዶሮና የከብት ኩስ፣ ነፍሳትና ጤዛ ያገኙታል። ቀጥተኛ የፀሐይ ጨረርም የበርበሬን ቀይ ቀለም የሚሰጡትን ንጥረ ነገሮች (ካፕሳንቲንና ካፕሶሩቢን) እየሰበረ ቀለሙን ያነጣዋል።

መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ አየር የሚያገኘው ከላይ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ተን መውጫ የለውም። ወፈር ተደርጎ ሲሰጣ የላይኛው ሲደርቅ የታችኛው ያልበዋል፤ አገላባጭ ከሌለ እዚያው ይሻግታል። ሌሊት ደግሞ ቀን የወጣው እርጥበት ከፊሉ ይመለሳል። ስለዚህ ማታ ሳይሸፍኑ መተው በሁለት ቀን የተሠራውን ሥራ በአንድ ሌሊት እንደማፍረስ ነው።

አንዳንድ ቤት በርበሬውን ከምድጃ በላይ ባለ ቆጥ ላይ ያኖሩታል። ይህም በተፈጥሮ የሚሆን ኮንቬክሽን ነው፤ የሞቀው አየር ከእሳቱ ተነሥቶ በበርበሬው መካከል ያልፋል። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፤ ጭሱ ግን አብሮ ይመጣል። ከጭስ ጋር የሚጣበቁት አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ለካንሰር እንደሚያጋልጡ የታወቀ ነው።

የሻጋታ መርዝ

በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ላይ ከሚያድጉት ሻጋታዎች መካከል አስፐርጊለስ ፍላቩስ የሚባለው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመርታል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም የጉበት ካንሰር ያመጣል። በወጥ ማብሰያ ሙቀት አይጠፋም፤ በመቁላትም በመቀቀልም አብዛኛው ይቀራል።

በርበሬ ከሌላ እህል የሚለይበት መጥፎ ጠባይ አለው፤ ዛላው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሻጋታው ከውጭ ሳይታይ በውስጠኛው ግድግዳና በፍሬው ላይ ሊያድግ ይችላል። ለመለየት ዛላውን ሰንጥቆ ማየት ያስፈልጋል። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ቀይ ዱቄት ብቻ ነው፤ በዓይን የሚታወቅ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባ በተሰበሰቡ የሽሮና የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች መካከል በከፊሎቹ ላይ አፍላቶክሲን ማግኘቱን ገልጿል። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን ለአፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮ ግራም፣ ለአራቱ ዋና ዋና ዓይነቶች ድምር 10 ማይክሮ ግራም ነው። ከዚያ የበለጠ የያዘ ጭነት ገበያው ውስጥ አይገባም።

ሻጋታው መርዙን ለማምረት ብዙ እርጥበት ይፈልጋል። የበርበሬው እርጥበት 10 በመቶ ገደማ ከደረሰ እዚያ ላይ ማደግ አይችልም። አደጋው ያለው በመካከል ነው፤ ከመለቀም ጀምሮ እስከ መድረቅ ባሉት ቀናት። ይህን ጊዜ ከአሥር ቀን ወደ ሦስት ቀን ያሳጠረ ማድረቂያ ለሻጋታው የሚተወው ጊዜ አነስተኛ ነው። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ዛላው እንዳይሰባበር ወይም እንዲከብድ ተብሎ ውሃ የሚረጭበት ልማድ አለ። ይህ ማድረቂያው የሠራውን ሁሉ መልሶ ያፈርሳል።

አየር እንዴት ያደርቃል?

ሙቀት በሦስት መንገድ ይተላለፋል፤ በንክኪ፣ በጨረርና በሚንቀሳቀስ ፈሳሽ ወይም አየር አማካይነት። ሦስተኛው ኮንቬክሽን ይባላል። በምጣድ ላይ የሚቆላ በርበሬ ሙቀት የሚያገኘው በንክኪ ስለሆነ ምጣዱን የነካው ጎን ሲያር ሌላው ጎን ጥሬ ይሆናል፤ ለዚህም ነው ቆይው እጁን የማያሳርፈው። ሞቃት አየር ግን ዛላውን ዙሪያውን ስለሚያቅፈው ከተመጣጠነ ፍሰት ጋር ሁሉም ጎን አንድ ዓይነት ሙቀት ያገኛል።

አየርን ማሞቅ የሚጠቅምበት ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነገራል። ውሃውን ለማፍላት አይደለም። ሙቀት ሲጨምር አየሩ ተጨማሪ ተን ለመያዝ ያለው አቅም ስለሚያድግ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 60 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አየር ምንም ውሃ ሳይወጣበት ወደ 50 ዲግሪ ቢሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 15 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ያው አየር ነው፤ ነገር ግን የተጠማ አየር ሆኗል። ይህ አየር በበርበሬው መካከል ሲያልፍ ተን እየጠጣ ይቀዘቅዛል። ካልወጣ ይጠግባል፤ ከጠገበ በኋላ የቱንም ያህል ቢሞቅ ማድረቂያው የእንፋሎት ክፍል ይሆናል። በላስቲክ ቤት ውስጥ በርበሬ ዘግተው ያደረቁ ሰዎች ግድግዳው ላይ ጠብታ የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

በርበሬ የሚደርቀው በሁለት ምዕራፍ ነው። በመጀመሪያው በላይኛው ቆዳ አጠገብ ያለው ውሃ በቀላሉ ይወጣል፤ እዚህ ላይ የአየር ፍጥነት ብዙ ይረዳል። በሁለተኛው ውሃው ከውስጠኛው ሥጋ ተነሥቶ በሰም በተሸፈነው ቆዳ በኩል ቀስ እያለ መውጣት አለበት፤ እዚህ ላይ ማራገቢያውን በእጥፍ ማፍጠን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ሁለቱን ምዕራፎች ሳይለይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት የሚነፋ ማድረቂያ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት የሚያደርገው የሞቀ አየርን ወደ ውጭ መጣል ብቻ ነው።

በዚያው ልክ መጀመሪያ ላይ ሙቀቱን ከልክ በላይ ማድረግም ጉዳት አለው። ቆዳው ቶሎ ደርቆ ይጠነክርና የውስጡን ውሃ ይዘጋበታል። ከውጭ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፤ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ቀን ሲቆይ ግን እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣና ይሻግታል። ለበርበሬ በአብዛኛው የሚመከረው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ነው። ወደ 70 ሲጠጋ ቀይ ቀለሙ ይቡናል። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር (ካፕሳይሲን) ሙቀትን ከቀለሙ ይልቅ ስለሚችል፣ ያረረ በርበሬ ቀለሙን አጥቶም ማቃጠሉን አይተውም።

ስሌቱ፦ 100 ኪሎ እርጥብ በርበሬ

የማድረቂያ መጠን በግምት ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያንሰው የአየሩ ድርሻ ነው። 100 ኪሎ እርጥብ በርበሬ 80 በመቶ ውሃ አለው እንበል። ደረቁ ክፍል 20 ኪሎ ነው። እርጥበቱ 10 በመቶ ሲሆን ጠቅላላ ክብደቱ 22 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ 78 ኪሎ ያህል ውሃ መውጣት አለበት።

አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን 2.4 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ለ78 ኪሎ 187 ሜጋ ጁል ወይም 52 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ግን ብክነት የሌለበት ዝቅተኛው ቁጥር ነው። አየሩ በ25 ዲግሪ ገብቶ፣ በ50 ዲግሪ ሞቆ፣ በርበሬውን አልፎ በ35 ዲግሪ ቢወጣ፣ ከተሰጠው ሙቀት ሥራ ላይ የሚውለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ወደ 87 ኪሎ ዋት ሰዓት ያድጋል።

እያንዳንዱ ኪሎ አየር በዚህ መንገድ የሚወስደው ውሃ 6 ግራም ብቻ ነው። ለ78 ኪሎ ውሃ 12,000 ኪሎ አየር፣ በዚህ ከፍታ ደግሞ ወደ 13,000 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። በሦስት ቀን፣ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በሰዓት 430 ሜትር ኩብ አየር መንፋት አለበት ማለት ነው። ይህን ቁጥር በመጠኑ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ከሆነ ክፍል ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ የክፍሉ አየር በየሁለት ደቂቃው ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት። ከታች ሁለት ጡብ የሚያህል ቀዳዳ፣ ከላይ አንድ ቱቦ ያለው ሳጥን ይህን አያደርግም።

የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢው በአንድ ሜትር ካሬ በቀን 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ፀሐይ ቢያገኝና 40 በመቶውን ወደ አየሩ ቢያስተላልፍ 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። ለሦስት ቀን ሥራ 13 ሜትር ካሬ ሰብሳቢ ይበቃል። ጥቂት የጣሪያ ቆርቆሮዎች ጥቁር ተቀብተው፣ ከላያቸው ጥርት ያለ ላስቲክ ተወጥሮ፣ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ቢደረግ ይህ ስፋት በቀላሉ ይገኛል።

ከፍታው በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። በ1,900 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ወደ 80 ኪሎ ፓስካል ስለሚወርድ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው በባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። በሌላ አገር ቆላ ላይ የተለካ የማራገቢያ መጠን ወደ ቡታጅራ ወይም ወደ ወልቂጤ ሲመጣ በዚያው ልክ መተለቅ አለበት። በአንጻሩ ቀጭን አየር ውሃን በቀላሉ ያስተንናል፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው።

ፍሰቱን ማሻሻል

ያለ ማራገቢያ የሚሠራ ማድረቂያ አየሩን የሚያንቀሳቅሰው የሞቀ አየር ቀላል በመሆኑ ነው። ግፊቱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ውስጡ 40 ዲግሪ፣ ውጭው 25 ዲግሪ የሆነ የ2 ሜትር ጭስ ማውጫ የሚፈጥረው ግፊት 1 ፓስካል እንኳ አይሞላም። በአራትና በአምስት ድርብ የተሞላ የሽቦ ወንፊት ይህን ግፊት በቀላሉ ይውጠዋል።

ይባስ ብሎ በርበሬው ራሱ አየሩን ያቀዘቅዘዋል። ውሃው ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ወደ ጭስ ማውጫው የሚደርሰው አየር ከገባው በጣም የቀዘቀዘ ነው። ማድረቂያው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ማለትም በርበሬው ገና እርጥብ ሳለ፣ የመሳብ ኃይሉ ደካማ ይሆናል። ለዚህ ያለው ርካሽ መፍትሔ ጭስ ማውጫውን ራሱን ማሞቅ ነው፤ ከጥቁር ቆርቆሮ ተሠርቶ ፀሐይ እንዲያገኝ ሲደረግ አየሩ ከበርበሬው ከወጣ በኋላ እንደገና ሞቆ ይነሣል። ጭስ ማውጫው በጥላ በኩል የተሠራበት ማድረቂያ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስሕተት ነው።

ከዚህ የተሻለው ማራገቢያ መጠቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጀርመን ሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲ የተሠራው የዋሻ ቅርጽ ያለው ማድረቂያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በመሬት ላይ የተዘረጋ፣ ከላዩ ላስቲክ የለበሰ ረጅም ዋሻ ሲሆን የመጀመሪያው ግማሽ አየሩን ያሞቃል፣ ሁለተኛው ግማሽ ሰብሉን ይይዛል። በበርካታ ሞቃታማ አገሮች ተሞክሯል። ማራገቢያው በቀጥታ ከሶላር ፓኔል ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ ፀሐይ ስትበረታ አየሩ ይፈጥናል፣ ደመና ሲሆን ይቀንሳል። ባትሪም መቆጣጠሪያም ሳይኖር ሙቀቱ በራሱ ይመጣጠናል። ከላይ ለተሰላው 430 ሜትር ኩብ፣ መከላከያው 50 ፓስካል ቢሆን፣ ለማራገቢያው ከ20 እስከ 30 ዋት ይበቃዋል። የኮረንቲ ማሞቂያ የሚበላውን 87 ኪሎ ዋት ሰዓት ከዚህ ጋር ሲያስተያዩት ኮረንቲን ለማሞቂያ ሳይሆን ለማራገቢያ ማዋል የሚሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው።

አየር ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በወንፊቱና በሳጥኑ ግድግዳ መካከል ሁለት ጣት ክፍተት ካለ አብዛኛው አየር በዚያ ያልፍና በርበሬውን ሳይነካ ይወጣል። ክፍተቱን በጨርቅ ወይም በእንጨት ክፈፍ መድፈን፣ በርበሬውን በሁሉም ወንፊት ላይ እኩል መበተን፣ የታችኛውንና የላይኛውን ወንፊት በቀን አንድ ጊዜ ቦታ ማለዋወጥ ከአዲስ ማራገቢያ የበለጠ ለውጥ ያመጣሉ። የሚወጣው አየር የት እንደሚያልፍ ለማወቅ አንድ የሚጨስ የዕጣን ፍም ከመግቢያው አጠገብ መያዝ ይበቃል፤ ጭሱ መንገዱን ያሳያል።

ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ሲደረስ የሚወጣው አየር ገና ሞቃትና ደረቅ ነው። በዚህ ጊዜ ከፊሉን ወደ መግቢያው መመለስ ሙቀት ይቆጥባል። በመጀመሪያው ቀን ግን ይህን ማድረግ ስሕተት ነው፤ የጠገበ አየር እንደገና ማሽከርከር ይሆናል። ማታ ደግሞ መግቢያውም መውጫውም መዘጋት አለበት፤ አለዚያ እርጥቡ የሌሊት አየር ወደ በርበሬው ይገባል።

ዛላውን በርዝመቱ መሰንጠቅ የመድረቂያ ጊዜውን በጣም ያሳጥራል፤ ነገር ግን የገበያው ገዢ ሙሉ ዛላ ስለሚፈልግ ለሽያጭ አይመችም። ለድልህ ወይም ለቤት በርበሬ የሚሆነውን መሰንጠቅ ይቻላል። ለሙሉ ዛላ ያለው አማራጭ ለጥቂት ደቂቃ በሙቅ ውሃ ነክሮ ማውጣት ነው፤ የቆዳው ሰም ስለሚላላ ውሃው ቶሎ ይወጣል፣ ቀለም የሚያበላሹ ኢንዛይሞችም ሥራ ያቆማሉ።

በማድረቂያው ውስጥ ከሰል ማንደድ አይገባም። ጭሱና አመዱ በርበሬውን ያበላሻሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ የሚገባውን ሰው ይገድላል። በደመናማ ቀን እሳት ማገዝ ካለበት ጭሱ በቱቦ ውስጥ ብቻ አልፎ ወደ ውጭ መውጣት፣ አየሩም የቱቦውን ውጫዊ ገጽ ነክቶ መሞቅ አለበት። የመውጫው አፍ ወደ መኖሪያ ቤት እንዳይዞርም ያስፈልጋል፤ የበርበሬ ብናኝ ምን እንደሚያደርግ በርበሬ ሲቀነጠስ አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

መለኪያና መቆጣጠሪያ

ፕሮግራም መጻፍ የሚወድ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሴንሰር ነው፤ መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ግን ሚዛን ነው። አንድ ወንፊት ተለይቶ ጠዋትና ማታ ቢመዘን ማድረቁ የት እንደደረሰ በትክክል ይታወቃል። ማቆሚያው ክብደት የመጀመሪያው ክብደት በደረቁ ክፍል ተባዝቶ ለ0.9 ሲካፈል ይገኛል። 5 ኪሎ የነበረና 80 በመቶ ውሃ የነበረው ወንፊት 1.1 ኪሎ ሲደርስ ይቆማል። ተክሉ ላይ ሳለ የጠወለገ ዛላ ውሃው ያነሰ ስለሆነ የመጀመሪያውን እርጥበት በትንሽ ናሙና መለካት ይሻላል፤ መለኪያ በሌለበት ጊዜ አሮጌው ምልክት ይሠራል፤ ዛላው ሲነቀነቅ ፍሬው ይንሿሿል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል።

ሴንሰር ሲጨመር ደግሞ ሁለት ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ከመግቢያው፣ ሌላው ከመውጫው። እንደ ዲኤችቲ22 ያሉ ርካሽ ሴንሰሮች ሙቀትንና አንጻራዊ እርጥበትን አብረው ይለካሉ፤ ከአርዱዊኖ ጋር ለማገናኘትም ቀላል ናቸው። የመውጫው እርጥበት ከፍ ያለ ከሆነ ማራገቢያው በሙሉ ኃይል ይሠራል። ከመግቢያው ጋር ሲቀራረብ ፍጥነቱ ይቀንሳል። የመግቢያው ሙቀት 60 ዲግሪ ካለፈ ፍጥነቱ እንደገና ይጨምራል፤ ብዙ አየር ሲገባ ሰብሳቢው ይበርዳልና። ማብሪያውና ማጥፊያው በአንድ ቁጥር ላይ ከተደረጉ ማራገቢያው በየሰኮንዱ እየበራ ይጠፋል። ስለዚህ በ60 አብርቶ በ56 የሚያጠፋ ክፍተት ይሰጠዋል። ሴንሰሩ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ወይም ከቆርቆሮው ጋር ተነካክቶ ከተቀመጠ የሚለካው አየሩን ሳይሆን ብረቱን ነው።

የቅመም ቅጠሎች

ኮሰረት ለክትፎ የሚሆነውን ቅቤ ከሚያጣፍጡት ቅመሞች አንዱ ሲሆን በጉራጌ ጓሮ የተለመደ ተክል ነው። ሽታውን የሚሰጠው በቅጠሉ ውስጥ ያለ ተናኝ ዘይት ነው፤ ከዋና ዋና ክፍሎቹ አንዱ ሊናሎል ነው። ይህ ዘይት የሚፈላው በ198 ዲግሪ ቢሆንም ከውሃ ተን ጋር አብሮ የሚወጣው ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ነው። ማድረቂያው አጠገብ ቆሞ «እንዴት ደስ ይላል ሽታው» ማለት ዘይቱ ከቅጠሉ እየወጣ መሆኑን ማሽተት ነው።

ስለዚህ ለበርበሬ የተስተካከለ ማድረቂያ ለኮሰረት፣ ለበሶብላ፣ ለጦስኝና ለጥብስ ቅጠል እንዳለ አይሆንም። ሙቀቱ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይወርዳል፣ ጨረር እንዳይነካውም ይሸፈናል። በዚህ ሙቀት የአየሩ ጥማት ትንሽ ስለሆነ የጎደለው በብዛት ይካካሳል፤ ማራገቢያው ሳይቀንስ ሰብሳቢው ከፊሉ በጥላ ይሸፈናል። ቅጠሉ ቀጭን በመሆኑ ቶሎ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ግን ቀላል ስለሆነ በአየሩ ይነሣል፤ ከላዩ ሌላ ወንፊት መክደን ያስፈልጋል። በርበሬ ከደረቀበት ወንፊት ላይ ከመዘርጋቱ በፊትም ወንፊቱ በደንብ መታጠብ አለበት፤ አለዚያ ብናኙ ወደ ቅቤው ይገባል።